ዕንጨት ስለሚቀርጽ መኪናና ስለማይዘጋ ዕውቀት

አባት ለልጁ ከሚያወርሰው ነገር ሁሉ የእጅ ሞያ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። መሬት በወንድማማች መካከል ሲካፈል ያንሳል፤ ከብት በበሽታ ያልቃል፤ ገንዘብም ይባክናል። ሞያ ግን ለሌላ ቢሰጡት ከሰጪው ዘንድ አይጐድልም። ዳሩ ግን አያት በመሮና በመዶሻ የሚሠራውን ሥራ የልጅ ልጅ በኤሌክትሪክና በኮምፒውተር ሊሠራው በተነሣ ጊዜ፤ ይህ ሞያን መውረስ ነው ወይስ ሞያን መሻር? ጥያቄው በዘመዶቻችን ቤት በድብ ባሕር ተነሥቶ የቤተ ሰቡን ሰላም እስከ ማናወጥ ስለ ደረሰ፤ ነገሩን መርምረን ያገኘነውን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለማቅረብ ፈቅደናል።

ድብ ባሕር ከጐንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ፤ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዙ ከወረዱ በኋላ፤ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ አገር ነው። እኅታችን በዚያ ተድራ ትኖራለች። የባሏ አባት ዕንጨት ቀራጭ ናቸው፤ አትሮንስ፣ በርጩማ፣ የሣጥን ክዳን፣ የቤት በርም ከነሐረጉ ይሠራሉ። የእኅታችን ልጅ ከእርሳቸው አጠገብ ተቀምጦ መሮና መላጊያ ሲያቀብል አደገ፤ በኋላም ወደ ጐንደር ሄዶ የቴክኒክ ሞያ ተምሮ ተመለሰ። በተመለሰም ጊዜ ሲ ኤን ሲ የሚባለውን የዕንጨት መቅረጫ መኪና በገዛ እጄ ገጣጥሜ አቆማለሁ፤ ለዕቃው መግዣ አንድ በሬ ይሸጥልኝ ሲል አባቱን ጠየቀ።

አባት እሺም እምቢም ለማለት ተቸገረ። በሬው የእርሻ በሬ ነው፤ ከጥማዱ አንዱ ቢጐድል ክረምቱ ያለ እርሻ ያልፋል። ልጁ ደግሞ ካልተፈቀደለት እንደ ጓደኞቹ አገሩን ጥሎ ለመሄድ ማሰቡ ተሰማ። እናቱም ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ከሁሉ ይልቅ ያዘኑት ግን አያትየው ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ እጃቸው የተተካ መስሏቸዋልና። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ ነገሩ ለሽምግልና ቀረበ። እኛም የልጁ አጐት በመሆናችን፤ ደግሞም ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፤ ከሽማግሎቹ አንዱ ሆነን ተጠራን።

ሽማግሌው በጉባኤው ፊት ሦስት ጥያቄ አቀረቡ። አንደኛው፤ መኪናው ቢታመም ማን ያድነዋል? ጥበቡ በሩቅ አገር ሰው እጅ ከሆነ እኛ የሰው ጥገኛ መሆናችን አይደለምን? የሚል ነው። ሁለተኛው፤ ልጁ መኪናውን እንጂ ዕንጨቱን የማያውቅ ሆኖ ቢቀር ሞያው በማን ይቀራል? የሚል ነው። ሦስተኛውም፤ ገዢ የእጅን ሥራ ከመኪና ሥራ ሳይለይ ቢገዛ የእጅ ዋጋ ምን ይሆናል? የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የቂም ሳይሆኑ የማስተዋል ጥያቄዎች መሆናቸውን ሁላችንም ተረዳን። በችሎት የለመድነው ሥርዓት ከፍርድ በፊት ነገሩን ማወቅ ስለ ሆነም፤ አስቀድመን መኪናው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ቀጠሮ ያዝን።

መኪናው ሲታይ እንዲህ ነው። እንደ ጠረጴዛ ያለ መደብ አለው፤ ዕንጨቱ በዚያ ላይ ይታሰራል። ከመደቡ በላይ እንደ ድልድይ የተጋደመ ብረት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። በድልድዩ ላይ የተሰቀለው ክፍል ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ይንቀሳቀሳል፤ በጫፉም በብርቱ የሚሽከረከር ስለታም መቍረጫ ይዟል። እኒህ ሦስት መንገዶች ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ይባላሉ። እያንዳንዱን መንገድ የሚነዳው ስቴፐር የሚባል ሞተር ነው። ይህ ሞተር እንደ ሌላው ሞተር ዝም ብሎ አይዞርም፤ በእርምጃ ይዞራል እንጂ። የተለመደው ዓይነት አንድ ዙር ለመሙላት 200 እርምጃ ይራመዳል። መቈጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ ከስምንት ሲከፍለው አንድ ዙር 1600 ይሆናል፤ ሞተሩ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ዘንግም በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፤ አንዲቱ ሚሊ ሜትር በ320 እርምጃ ትከፈላለች። የዘንጉ ልልነትና የብረቱ መታጠፍ ከዚህ ትክክለኛነት ብዙ ቢቀንሱም፤ የቀረው ለዕንጨት ሥራ ይበቃል።

ኮምፒውተሩ ለመኪናው የሚሰጠው ትእዛዝ በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉም ጂ ኮድ ይባላል። ለምሳሌ «ጂ 1 ኤክስ 40 ዋይ 25 ኤፍ 600» ተብሎ ቢጻፍ፤ በደቂቃ 600 ሚሊ ሜትር እየሄድህ፤ ከመነሻው 40 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝና 25 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት እስካለው ነጥብ ድረስ በቀጥታ መሥመር ቍረጥ ማለት ነው። ጂ 0 በፍጥነት መሻገር ነው፤ ጂ 2 እና ጂ 3 በቅስት መዞር ናቸው፤ ኤም 3 መቍረጫውን አሽከርክር፤ ኤም 5 አቁም ማለት ነው። ጂ 21 ሲጻፍ ልኩ በሚሊ ሜትር፤ ጂ 20 ሲጻፍ በኢንች ይሆናል፤ አንድ ኢንችም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ይህች አንዲት ቍጥር ብትሳሳት የአንድ ጣት ስፋት የታሰበው ሐረግ ከመደቡ ወጥቶ ይሄዳል። ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ባየ ጊዜ የገዛ ሥራውን ያገኘዋል። ወሰኑ ያልተጻፈ የመሬት ፍርድ ሌላ ክርክር እንደሚወልድ፤ ልኩ ያልተጻፈ ትእዛዝም ዕንጨት ያበላሻል። መኪናው የተጻፈውን ይፈጽማል እንጂ የታሰበውን አያውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለብዙ ሰው ስውር ስለ ሆነ በምሳሌ እናስረዳለን። መኪናው በሰኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ሲሄድ፤ ከላይ በተነገረው ስሌት ሞተሩ በአንዲት ሰኮንድ 8000 ጊዜ «ተራመድ» የሚል ምልክት መቀበል አለበት። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 125 ማይክሮ ሰኮንድ ብቻ ነው፤ ማይክሮ ሰኮንድ ማለትም የአንዲት ሰኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ተራ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጉዳይ አለው፤ ስክሪኑን ይሥላል፤ ፋይል ይጽፋል፤ የአውታር መልእክት ይቀበላል። በዚህ መካከል ምልክቱ ቢዘገይ ሞተሩ እርምጃ ይስታል። በቤት የሚሠራው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን መሳት ለኮምፒውተሩ የሚነግር መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ተዛንፎ ይቀጥላል።

አቋቋም የተማረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በማኅሌት ጸናጽሉ፣ ከበሮውና መቋሚያው የሚመሰገኑት በፍጥነታቸው አይደለም፤ እያንዳንዱ በጊዜው በመድረሱ ነው እንጂ። ከሁሉ የፈጠነ ቢሆንም አንድ ጊዜ የዘገየ መቺ ማኅሌቱን ያፈርሳል። ለኮምፒውተርም ፈጣን መሆንና በጊዜው መድረስ አንድ አይደሉም። ሊኑክስ ሲ ኤን ሲ የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው የጊዜን ነገር ከሌላው ጉዳይ ሁሉ እንዲያስቀድም ተደርጎ በተዘጋጀ ሊኑክስ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ መፈተኛም አብሮት አለ። መዘግየቱ ከ20 ማይክሮ ሰኮንድ በታች ሲሆን እጅግ መልካም ነው፤ ከ100 በላይ ሲሆን ግን ያ ኮምፒውተር ራሱ ምልክቱን ለማውጣት የማይመች ነው። በዚያን ጊዜ ጊዜውን የሚጠብቅ ትንሽ ሰሌዳ ገዝቶ በመካከል ማቆም ይቻላል፤ ግርብል የሚባለው፤ እርሱም በነጻ የሚገኘው ፕሮግራም እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ ይሠራል። የእኅታችን ልጅ ከሞከራቸው ኮምፒውተሮች ፈተናውን ያለፈው አዲሱ ላፕቶፕ አልነበረም፤ 25 ቀዳዳ ያለው የጥንቱ የፕሪንተር መሰኪያ ያልተነቀለለት ያረጀ የቢሮ ኮምፒውተር ነበር እንጂ። በዚያ መሰኪያ የእርምጃው ምልክት በቀጥታ ወደ ሞተሮቹ መቈጣጠሪያ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። ጥበቡ በማን እጅ ነው? ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በቍጥር የሚታዘዝ መኪና ለሕዝብ የታየው በ1952 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ አሳቡን ያነሣው ጆን ፓርሰንስ የተባለ ሰው ነበር። ለብዙ ዘመንም እንዲህ ያለው መኪና የታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ ሆኖ ኖረ። ከዚህ በኋላ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ሰው በ1983 ሰው ሁሉ በነጻነት የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ በፊንላንድ በሄልሲንኪ ሳለ ሊኑክስን ጀመረ። በ1990ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም መኪናን የሚቈጣጠር ፕሮግራም ሠራ፤ የመንግሥቱ ሠራተኞች በሥራቸው የጻፉት ነገር በዚያ አገር ሕግ የባለቤትነት መብት ስለማይጸናበት፤ ፕሮግራሙ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ሆነ። በዓለም የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ተቀብለው አሳደጉት። በኋላም ስሙ ከአንድ ኩባንያ ስም ጋር ስለ ተመሳሰለ አቤቱታ ቀርቦ፤ ስሙን ትተው ሊኑክስ ሲ ኤን ሲ አሉት። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተቋረጠም።

ፕሮግራሙ የሚሰጥበትን የፈቃድ ቃል እንደ ሥራችን ልማድ በጥንቃቄ አነበብነው። ማንም ሰው ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ሊመረምር፣ ሊለውጠውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። ለውጦ ለሌላ የሚያከፋፍል ሰው ግን የለወጠውን ጽሑፍ ከተቀባዩ ሊደብቅ አይችልም፤ እርሱ የተቀበለውን መብት ለተቀባዩም ያስተላልፋል፤ ከርሱ በፊት የደከሙትንም ስም አይፍቅም። ይህን ባነበብን ጊዜ የቆሎ ትምህርት ቤት ትዝ አለን። ተማሪው በቍራሽ እየኖረ ይማራል፤ መምህሩ የትምህርት ዋጋ አይጠይቀውም፤ ነገር ግን ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ላለው ማስቀጸል ግዴታው ነው። ትምህርቱን ከማን እንደ ተማረ ሲጠየቅም የመምህሩን ስም ይጠራል። ባሕሩን ተሻግረው የሚኖሩ ሰዎች በኮምፒውተር ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የተዘጋ ዕውቀት ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ ቤት አቁመው፤ የሚሲዮን ሰዎች የሆኑ አውሮፓውያን ባለሞያዎች በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩላቸው። በ1868 መቅደላ በወደቀ ጊዜ ባለሞያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ሄዱ፤ የጋፋትም ሥራ አልቀጠለም። መድፉ በመቅደላ ቀረ፤ መድፉን የሠራው ጥበብ ግን ሄደ። እንግዲህ መኪና ሲገባ መጠየቅ የሚገባው የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሠሪው ሲሄድ ከእኛ ዘንድ ምን ይቀራል? ተብሎ ነው። የሊኑክስ ሲ ኤን ሲ ጽሑፍ በሙሉ፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር፤ በአንዲት ፍላሽ ተይዞ ሊማሊሞን ሊወርድ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፤ ፈቃዱን በየጊዜው ከሩቅ አገር ጠይቆ ካላረጋገጠ የማይከፈት ፕሮግራም ለባለቤቱ ሸክም ይሆናል። ይህ ግን ማንንም ሳይጠይቅ የሚከፈት ነው። ብልሽት ቢመጣም ልጁ ራሱ፤ ልጁ ባይችል ከእርሱ የተሻለ ሌላ ኢትዮጵያዊ፤ ውስጡን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ይህ መልስ ሆኖ ተመዘገበ።

ፊደላችንም በዚህ መኪና ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ስለ ገባ፤ ኢንክስኬፕ በሚባለው፤ እርሱም በነጻ በሚገኘው የሥዕል ፕሮግራም ማንኛውንም የአማርኛ ወይም የግእዝ ቃል ጽፎ ወደ ጂ ኮድ መለወጥ ይቻላል። ኤፍ ኤንግሬቭ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ መቍረጫ በፊደሉ ወፍራም ክፍል ወደ ውስጥ እንዲጠልቅ፤ በቀጭኑ ክፍል እንዲነሣ ያሰላል። እንዲህ የተቀረጸው ፊደል በብርዕ የተጻፈ ይመስላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ግን መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ሽማግሎቹ በመጀመሪያ የፈረዱት ልጁ አንድ ክረምት ሙሉ ከአያቱ ሥር ተቀምጦ፤ አንድ አትሮንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጁ እንዲሠራ ነበር። ይህን ከፈጸመ በሬው ሳይሸጥ ከጊደሮቹ አንዲቱ ተሸጣ ገሚሱ ይሰጠዋል፤ ገሚሱን እኛና ወንድሞቻችን እናዋጣለን አልን። ልጁ ክረምቱን ታገሠ። በበጋም መኪናውን ገጣጥሞ አቆመና፤ በዋንዛ ጣውላ ላይ የአያቱን ሐረግ ሊቀርጽ ቤተ ሰቡን ሰበሰበ።

ሽማግሌው አስቀድመው ጣውላውን በእጃቸው ዳሰሱና አዙረው አኖሩት። «እንዲህ ከቈረጥኸው ጅማቱ ይነቀላል፤ እንዲህ አድርገው» አሉት። መኪናው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ደግሞ ዐይናቸውን አቅርበው ሲመለከቱ ቈዩና፤ «ማዕዘኑ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ እውነት ነበር። የሚሽከረከር መቍረጫ ክብ ስለ ሆነ የውስጥ ማዕዘንን ስለታም አድርጎ ሊያወጣ አይችልም፤ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየማዕዘኑ የ1.5 ሚሊ ሜትር ክብነት ጥሎ ያልፋል። ልጁ ይህን ሲያስረዳ ሽማግሌው መሯቸውን አንሥተው ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ ከዚያም ሐረጉ ሕያው ሆነ። «ጸሐፊው፤ አንቱም ይህን በመዝገብዎ ይጻፉልን፤ ሜዳው የመኪናው ነው፤ ማዕዘኑ የእጅ ነው» አሉን። እኛም ጻፍነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። ልጁ የአያቱን ሐረግ በኮምፒውተር ሥሎ ካስቀመጠ በኋላ፤ ፕሮግራሙን በነጻ እንደ ተቀበልሁ ይህንንም ሥዕል ለሌሎች ቀራጮች በነጻ ላካፍለው እፈልጋለሁ አለ። አባቱ ተቈጣ፤ ሐረጉ የቤቱ ሀብት ነው፤ እንዴት ይበተናል? አለ። ጉባኤውም በሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦ «ይህን ሐረግ እኔ አልፈጠርሁትም። መምህሬ አሳየኝ፤ ዋጋ አልጠየቀኝም። ልጁ ይስጥ፤ ነገር ግን ከማን እንደ ተማረው ይናገር።» የፈቃዱን ቃል ያነበብን እኛ፤ ያላነበቡት ሽማግሌ ፍሬውን በራሳቸው ስለ ተናገሩት ተደነቅን። ሥዕሉም የመምህሩ ስምና የሽማግሌው ስም ተጽፎበት እንዲሰጥ ተወሰነ።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ውል ጻፍን። በእጅ ብቻ የተሠራው ዕቃ በሥሩ የሽማግሌው ምልክት ይታተምበታል፤ መኪና የገባበት ሥራ ሁሉ ሌላ ምልክት ይኖረዋል፤ ለገዢም ሳይጠይቅ ይነገረዋል። ለመቅደስ የሚሆነው ንዋይ ነገር ለካህናቱ ውሳኔ ተትቷል። የእጅ ሥራ ዋጋ ከገበያው ጋር ሲወጣና ሲወርድ እስካሁን ያሳስበናል፤ ውላችን ዋጋን ሊወስን አይችልምና። ነገር ግን ገዢ እያወቀ ቢመርጥ ፍርዱ የገዢው ነው፤ ሳያውቅ ቢመርጥ ግን ጥፋቱ የሻጩ ነው።

ይህን መኪና በቤቱ ሊያቆም ለሚፈልግ ቤተ ሰብ ጥቂት ምክር እንጨምራለን። አንደኛ፤ ጋቢም ሆነ ነጠላ ለብሶ ወደ መኪናው መቅረብ አይገባም፤ የሚሽከረከር መቍረጫ ጨርቅ ሲይዝ ሰውን ይስባል። ሁለተኛ፤ የዓይን መከላከያና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ የዕንጨት ብናኝ ነቀርሳ ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 አስታውቋልና፤ ሥራ ቤቱ ሕፃናት ከሚተኙበት ቤት ይለይ። ሦስተኛ፤ በእጅ በሚደረስበት ቦታ የመኪናውን ኀይል በቀጥታ የሚቈርጥ ቀይ ቍልፍ ይኑር፤ ኮምፒውተሩን ብቻ ማዘዝ አይበቃም። አራተኛ፤ በእያንዳንዱ መንገድ ጫፍ መነሻውን የሚነግር ማብሪያ ይተከል። መብራት በሥራ መካከል ቢጠፋ መኪናው የት እንደ ነበረ ይጠፋበታል፤ መነሻውን ዳስሶ ካገኘ ግን የዕንጨቱ ቦታ በኮምፒውተሩ ስለ ተመዘገበ፤ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሥራውን ከተቋረጠበት መሥመር ሊቀጥል ይችላል። አምስተኛ፤ መጀመሪያ መቍረጫው ዕንጨቱን ሳይነካ በአየር ላይ ትእዛዙን ሁሉ እንዲፈጽም አድርጎ ማየት ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

በመጨረሻም ይህን ጋዜጣ ለሚያነቡ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አርጅተዋል ተብለው አቧራ የለበሱ ኮምፒውተሮች አሉ። ለጽሕፈት ሥራ ቢዘገዩም ከእነርሱ መካከል የፕሪንተር መሰኪያ ያላቸው ለዚህ ሥራ የሚመቹ ሊሆኑ ይችላሉ። በደንቡ መሠረት በሚወገዱበት ጊዜ፤ ከቍርጥራጭ ብረት ጋር በአንድነት በጨረታ ከሚሸጡ ይልቅ፤ በየወረዳው ላሉ የሞያ ማሠልጠኛዎች የሚደርሱበት መንገድ ቢታሰብ ለመንግሥት አዲስ ወጪ ሳይሆን ለወጣቱ እንጀራ ይሆናል። ፕሮግራሙ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ዋንዛውንም መሬታችን ያበቅለዋል። የሚያስፈልገው ለልጅ ጥቂት ትዕግሥትና ለሽማግሌ ተገቢው ክብር ነው፤ እኒህን ሁለቱን የትኛውም ፋብሪካ ሠርቶ አይልክልንም፤ በየቤታችን የሚገኙ ናቸውና።